የቦስተን ጭፍጨፋና የአሜሪካ አብዮት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን፤ ለይተን ካልጠቀስን በቀር ቀኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የቦስተን ጭፍጨፋ የሚባለው ምንድን ነው? መቼና የት ሆነ?

ሰኞ ማርች 5 ቀን 1770፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ቦስተን ውስጥ ኪንግ ስትሪት በሚባለው ጎዳና የእንግሊዝ ወታደሮች በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኩሰው አምስት ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎች ስድስት ቆሰሉ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 28 ቀን 1762 መሆኑ ነው። መርከበኞቹ ክሪስፐስ አተክስና ጄምስ ካልድዌል፣ እንዲሁም ገመድ ሠሪው ሳሙኤል ግሬይ እዚያው ቀሩ። የ17 ዓመቱ ተለማማጅ ሳሙኤል ማቬሪክ በማግስቱ ጠዋት አረፈ። አየርላንዳዊው ፓትሪክ ካር ደግሞ ዘጠኝ ቀን ያህል ታሞ ሞተ።

ጎዳናው ዛሬ ስቴት ስትሪት ይባላል። ቦታው ከአሮጌው የመንግሥት ሕንጻ ፊት ለፊት በክብ በተነጠፈ ድንጋይ ምልክት ተደርጎበታል። ቦስተን የሚኖር ወይም ለጉብኝት የሚያልፍ ሰው ሳያውቀው ረግጦት ሊሄድ ይችላል።

የቦስተን ሰዎች ራሳቸው እንግሊዞች አልነበሩም? እንዴት ቅኝ ተገዢ ይባላሉ?

ቅኝ ግዛት ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚታየን ባዕድ መጥቶ ባለአገሩን ሲገዛ ነው። ቦስተን ያለችበትን ማሳቹሴትስን ያቋቋሙት ግን ራሳቸው ከእንግሊዝ የሄዱ ሰፋሪዎች ናቸው። መሬቱን የተነጠቁት ነባር ሕዝቦች ሌሎች ናቸው፤ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንም በከተማዋ ይኖሩ ነበር። ስለዚህ የዚህ ታሪክ «ተገዢ» ከሌላው ጎን ሲታይ ገዢም ነው።

ሰፋሪዎቹ ራሳቸውን የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ሙሉ መብት ያላቸው ዜጎች አድርገው ይቆጥሩ ነበር። ክርክራቸውም ከዚሁ ይነሳል፦ እንግሊዛዊ ወኪሉ ሳይስማማ ግብር አይጣልበትም ከተባለ፣ ፓርላማ ውስጥ አንድም ወኪል የሌለን እኛ በምን ሒሳብ እንከፍላለን? በ1770 ከእንግሊዝ እንገንጠል የሚል ሰው ቢፈለግ ከስንት አንድ ነበር።

ግብሩ ያን ያህል የሚያማርር ነበር?

በገንዘብ መጠኑ አልነበረም። እንግሊዝ አገር የሚኖረው ሰው ከአሜሪካው እጅግ የበለጠ ይከፍል ነበር። የሰባት ዓመቱ ጦርነት በ1763 ሲያበቃ እንግሊዝ ካናዳን ከፈረንሳይ ወሰደች፤ ዕዳዋ ግን እጥፍ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለሚቀመጠው ጦር የአሜሪካ ነዋሪም ያዋጣ ተባለ። በ1764 የስኳር ሕግ፣ በ1765 ደግሞ የቴምብር ሕግ ወጣ፤ ጋዜጣው፣ ውሉ፣ የፍርድ ቤት ወረቀቱ፣ መጫወቻ ካርታው ሳይቀር ቀረጥ የተከፈለበት ማኅተም ይኑረው የሚል። ቦስተን ላይ የቴምብር ሹም ሊሆን ነው የተባለው ሰው አምሳያ ተሠርቶ ዛፍ ላይ ተሰቀለ፤ የምክትል ገዢው የቶማስ ሃቺንሰን ቤት ተሰባብሮ ተዘረፈ። ፓርላማው በ1766 ሕጉን ሻረ፤ በዚያው ቀን ግን «በማናቸውም ጉዳይ ላይ ሕግ ላወጣባችሁ እችላለሁ» የሚል ሌላ አዋጅ አጸደቀ።

በ1767 በገንዘብ ሚኒስትሩ በቻርልስ ታውንሸንድ ስም የሚጠራው ቀረጥ መጣ፤ በመስታወት፣ በእርሳስ ማዕድን፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ከገንዘቡ ለገዢዎችና ለዳኞች ደመወዝ እንዲከፈል ታስቦ ነበር። እስከዚያ የገዢውን ደመወዝ የሚቆርጠው የአገሩ ምክር ቤት ስለሆነ፣ ሹሙ ቢያንስ ለእንጀራው ሲል ሕዝቡን ይሰማ ነበር። ያ ልጓም ሊወልቅ መሆኑን ሰዉ ወዲያው ገባው።

ወታደሮቹ ከተማዋ ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር? እውነት ሰው ቤት በግድ ገብተው ነበር?

ቀረጡን የሚያስፈጽሙት የጉምሩክ ኮሚሽነሮች መቀመጫቸውን ቦስተን አደረጉ። በጁን 1768 የባለጸጋውን የጆን ሃንኮክን መርከብ «ሊበርቲ»ን ሲይዙ ከተማው ተነሳባቸው፤ ሸሽተው ነፍሳቸውን አተረፉ። ጦር ይላክልን አሉ። ኦክቶበር 1 ቀን 1768 የ14ኛውና የ29ኛው ሬጅመንት ወታደሮች ከበሮ እያስመቱ ወደ ከተማዋ ገቡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። የከተማዋ ሕዝብ 16,000 ገደማ ብቻ ነው፤ ቀይ ኮት የለበሰ የእንግሊዝ ወታደር ሳታይ አትውልም ማለት ነው።

ቤት ሰብረው መኝታ ነጠቁ የሚለው ግን ቦስተን ላይ አልሆነም። መጀመሪያ በድንኳንና በፋንዩል አዳራሽ፣ ኋላ በተከራዩ መጋዘኖችና ሕንጻዎች አደሩ። ብዙዎቹ ሚስትና ልጅ ይዘው የመጡ ናቸው፤ የከተማዋን ልጅ ያገቡም ነበሩ። ጎረቤትነቱ ግን ፍቅር አላመጣም። ማታ ወደ ቤቱ የሚሄደውን ሰው ዘብ «ቁም! ማነህ?» ይለዋል። ደመወዛቸው ትንሽ ስለነበር ወታደሮቹ ከሥራ ሰዓት ውጭ በርካሽ ጉልበታቸውን ይሸጣሉ፤ የቀን ሠራተኛው ዋጋ በዚያው ይወርዳል። ለእኔ የጥላቻው ሥር ከሻዩ ቀረጥ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ ያን ማታ ዱላ ይዘው የወጡት ገመድ ሠሪዎችና መርከበኞች እንጂ አስመጪ ነጋዴዎች አልነበሩም።

ከተኩሱ በፊት ነገሩን ያጋጋለው ምንድን ነው?

ሁለት ነገሮች በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ተከታተሉ። ፌብሩዋሪ 22 ቀን ልጆች የእንግሊዝ ዕቃ ላለመሸጥ የተደረሰውን ስምምነት ባፈረሰ ነጋዴ ሱቅ ፊት ምልክት ተክለው ይጮሃሉ። የጉምሩክ ጠቋሚ በመሆኑ የተጠላው ኤቤነዘር ሪቻርድሰን ምልክቱን ሊያስወግድ ቢሞክር እስከ ቤቱ አባረሩት፤ መስኮቱን በድንጋይ አረገፉት። እሱም ከውስጥ ተኩሶ ክሪስቶፈር ሳይደር የተባለ የ11 ዓመት ገደማ ልጅ ገደለ። ቀብሩ ላይ ከተማዋ ተነቅላ ወጣች። ሪቻርድሰን በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ቢባልም ንጉሡ ምሕረት አድርገውለታል።

ማርች 2 ቀን ደግሞ አንድ የ29ኛው ሬጅመንት ወታደር ሥራ ፍለጋ ወደ ጆን ግሬይ የገመድ ፋብሪካ ይሄዳል። «ሥራ ትፈልጋለህ?» ይለዋል አንዱ ገመድ ሠሪ። «አዎ» ሲል፣ «እንግዲያው ሽንት ቤቴን ጥረግልኝ»። ወታደሩ ተደባድቦ ሄደ፤ ጓደኞቹን ይዞ ተመለሰ፤ በዱላና በጎራዴ የጅምላ ጠብ ሆነ። ከወታደሮቹ መካከል ማቲው ኪልሮይና ዊሊያም ዋረን፣ ከገመድ ሠሪዎቹ ሳሙኤል ግሬይ እዚያ ነበሩ። ሦስቱም ከሦስት ቀን በኋላ ኪንግ ስትሪት ላይ እንደገና ተገናኙ።

ያን ማታ በትክክል ምን ተፈጠረ?

መሬቱ በረዶና ግግር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሂው ዋይት የሚባል ወታደር ብቻውን ጉምሩክ ቤቱ ደጃፍ ዘብ ቆሟል። የአንድ ዊግ ሠሪ ተለማማጅ በዚያ የሚያልፍ መኮንንን «ለጌታዬ ያለበትን ዕዳ አልከፈለም» ብሎ ይሳደባል፤ መኮንኑ ከፍሎ ነበር። ዋይት ጣልቃ ገብቶ ልጁን በጠመንጃው ጭንቅላቱን መታው። ልጁ ሲያለቅስ ሌሎች ልጆች መጡ፤ ከዚያ ጎልማሶች። የበረዶ እንክብል፣ የበረዶ ስባሪ፣ ኦይስተር የሚባለው የባሕር እንስሳ ቅርፊት ይወረወር ጀመር። የቤተ ክርስቲያን ደወልም ተደወለ። ደወል በሌሊት ማለት የእሳት አደጋ ስለሆነ ብዙ ሰው ውኃ መያዣ ባልዲውን አንጠልጥሎ ነው የወጣው።

ሻምበል ቶማስ ፕሬስተን አንድ አሥር አለቃና ስድስት ወታደሮች ይዞ ዋይትን ሊያወጣው መጣ። ሳንጃ ሰክተው በሕዝቡ መሃል ሰነጠቁና ደረሱ፤ መመለሻው ግን ተዘጋ። ጀርባቸውን ለጉምሩክ ቤቱ ሰጥተው በግማሽ ክብ ቆሙ። ሕዝቡ ወታደር የሲቪል ባለሥልጣን ሳያዝዝ በዜጋ ላይ መተኮስ እንደማይፈቀድለት ያውቃል፤ ስለዚህ እስከ ሳንጃው ጫፍ እየተጠጋ «ተኩሱ እንጂ! ፈሪ ሁሉ!» ይላል። በዚህ መሃል ሞንትጎመሪ የተባለው ወታደር በተወረወረ ወይም በተሰነዘረ ነገር ተመትቶ ወደቀ፤ ተነሳና ተኮሰ። ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ፣ ያለ ሥርዓት ተኮሱ።

ሃቺንሰን፣ በዚያን ጊዜ ተጠባባቂ ገዢ፣ እየሮጠ መጥቶ ከመንግሥት ሕንጻው ሰገነት ላይ ሕግ ሥራውን ይሠራል ብሎ ቃል ገባ። ሕዝቡ ተበተነ። ሊነጋጋ ሲል ፕሬስተንና ስምንቱ ወታደሮች እስር ቤት ነበሩ።

«ተኩስ» ብሎ ያዘዘው ማን ነው?

ምስክሮቹ እርስ በርስ ተጋጭተዋል። አንዳንዶቹ ፕሬስተን ሲያዝ ሰማን አሉ። ሪቻርድ ፓልምስ የተባለው ነጋዴ ግን ከፕሬስተን ፊት ለፊት ቆሞ «ሊተኩሱ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው «በፍጹም» እንዳለው መሰከረ። ፕሬስተን ራሱ ከጠመንጃዎቹ አፈ ሙዝ ፊት ቆሞ ነበር፤ ለመግደል ያዘዘ ሰው እዚያ አይቆምም የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው።

ሌላው ችግር እንግሊዝኛው ነው። «ፋየር» የሚለው ጩኸት እሳት ተነሳም፣ ተኩስም ማለት ነው። ደወሉን ሰምቶ የወጣው ይጮኸዋል፤ ወታደሮቹን የሚያላግጠውም ይጮኸዋል። እኔ ትእዛዝ አልተሰጠም ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ወታደሮቹ ግን ቃሉን አልሰሙም ማለት አይቻልም።

ክሪስፐስ አተክስ ማን ነበር?

አባቱ አፍሪካዊ እናቱ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ እንደነበሩ የሚነገርለት መርከበኛ፣ ዕድሜው 47 ገደማ። በ1750 «ቦስተን ጋዜት» ላይ «ክሪስፐስ» የሚባል የ27 ዓመት ሰው ከፍሬሚንግሃም ከጌታው እንደጠፋና ለያዘው 10 ፓውንድ ወሮታ እንደሚከፈል ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር፤ ብዙ የታሪክ ሰዎች ያው እሱ ነው ይላሉ። ሃያ ዓመት በባሕር ላይ ነጻ ሰው ሆኖ ኖረ ማለት ነው። ደረቱን ሁለት ጥይት መታው።

በዚያን ጊዜ አራቱ ሟቾች በታላቅ ሰልፍ ግራነሪ መቃብር ውስጥ አብረው ተቀበሩ። በኋላ ግን ስሙ ደበዘዘ። በ1850ዎቹ ጥቁር አሜሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ዊሊያም ኩፐር ኔል ሐውልት ይቁምለት ብሎ ተከራከረ፤ ሐውልቱ ቦስተን ኮመን በሚባለው የከተማዋ መናፈሻ የቆመው በ1888 ነው።

ጆን አዳምስ ለነጻነት የቆመ ሰው ሆኖ ለምን የወታደሮቹ ጠበቃ ሆነ? ፍርዱስ ምን ነበር?

ማንም ሰው ጠበቃ ሊያጣ አይገባም ብሎ ነው። በማስታወሻው ላይም ለአገሩ ከሠራቸው ሥራዎች ከምርጦቹ አንዱ እንደሆነ ጽፏል። ገበያዬ ይቀዘቅዛል ብሎ መስጋቱ እርግጥ ነው፤ የኋላ ኋላ ግን የአሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ሆነ። አብሮት ጆሳያ ኩዊንሲ ለተከሳሾች ቆመ፤ ወንድሙ ሳሙኤል ኩዊንሲ ደግሞ በዐቃቤ ሕግነት ተቃራኒው ወንበር ላይ ነበር። ዳኞቹ ቁጣው እስኪበርድ ችሎቱን እስከ መኸር አቆዩት። ፕሬስተን በኦክቶበር ነጻ ወጣ። በዲሴምበር ስድስት ወታደሮች ነጻ ሲባሉ፣ ሞንትጎመሪና ኪልሮይ አስቀድሞ ባልታሰበ ግድያ ጥፋተኛ ተባሉ። በጥንታዊ ሕግ ምሕረት ከሞት ተርፈው አውራ ጣታቸው በጋለ ብረት ተተኮሰ። ኪልሮይን የጎዳው ምስክርነት ሕዝቡ ላይ የመተኮስ ዕድል ባገኝ አላልፈውም ብሎ ነበር የሚለው ነው።

ትልቁን ሚና የተጫወተው ሟቹ ፓትሪክ ካር ነው። ሐኪሙ ዶክተር ጆን ጄፍሪስ እንደመሰከረው፣ ካር በሞት አልጋ ላይ ሆኖ ወታደሮቹ ራሳቸውን ለመከላከል እንደተኮሱና አየርላንድ ውስጥ ሁከት ሲበተን አይቶ ይህን ያህል የታገሠ ወታደር እንዳላየ ተናግሯል። የገደለውንም ሰው ይቅር ብሏል።

አዳምስ የሚወደስበት ክርክር ሌላ ገጽታም አለው። ከተማዋን ከወቀሳ ለማዳን ጥፋቱን በ«መጤ» ላይ ጣለው፤ ሕዝቡን የባለጌ ልጆች፣ የጥቁሮች፣ የአየርላንዳውያንና የውጭ መርከበኞች ስብስብ አድርጎ ሳለው። የአተክስ መልክ ብቻውን ሰው ያስፈራል እስከማለት ደርሷል። ትምህርት ቤት ሲነገር ይህ ክፍል ይዘለላል።

ታዋቂው የፖል ሪቪር ሥዕል እውነቱን ያሳያል?

እንደ ፎቶ ካየኸው ያሳስትሃል። ወታደሮቹ ተሰልፈው በአንድ ጊዜ ይተኩሳሉ፤ ፕሬስተን ከኋላ ጎራዴውን አንስቶ ያዛል፤ ሕዝቡ ባዶ እጁን የቆመ ጨዋ ነው፤ በረዶም ዱላም የለም። ጉምሩክ ቤቱ ላይ «የሥጋ ቆራጭ አዳራሽ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ከፊት ለፊት አንድ ውሻ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆሟል።

ደግሞም የራሱ ፈጠራ አይደለም። ሄንሪ ፔልሃም የተባለ ወጣት ሠዓሊ የሠራውን ገልብጦ ቀድሞት ገበያ አወጣው፤ ፔልሃም በደብዳቤ አምርሮ ወቅሶታል። ሪቪር ብር አንጥረኛና ነጋዴ ነበር። ሬሳው ከተቀበረ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሥዕሉ ይሸጥ ነበር፤ ችሎቱ ደግሞ ገና ሰባት ወር ይቀረው ነበር። ብዙ ሰው ፍርዱን የሰጠው ሥዕሉን ባየ ዕለት ነው።

ታዲያ አብዮቱን የጀመረው ይህ ተኩስ ነው?

በቀጥታ አይደለም፤ እንዲያውም ከተማዋን አበረዳት። የከተማዋ የተቃውሞ መሪ ሳሙኤል አዳምስ አንዱን ሬጅመንት ማስወጣት ከቻልክ ሁለቱንም ትችላለህ ብሎ ሃቺንሰንን አስጨንቆ ጦሩን ወደቡ ውስጥ ወዳለው ካስል ዊሊያም ደሴት አስወጣ። የሚገርመው፣ በዚያው ማርች 5 ቀን ለንደን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ኖርዝ ከሻይ በቀር የታውንሸንድ ቀረጥ በሙሉ ይሰረዝ ብሎ ለፓርላማ አቅርቦ ነበር። ወሬው ባሕር አቋርጦ እስኪደርስ ግን ሳምንታት ይፈጃል። በዓመቱ መጨረሻ የእንግሊዝ ዕቃ አንገዛም የሚለው እገዳ ፈርሶ ንግዱ ቀጠለ።

ጥይቱ ያላደረገውን ትዝታው አደረገው። ቦስተን ከ1771 እስከ 1783 በየዓመቱ ማርች 5 ቀን ሕዝብ እየሰበሰበች ንግግር ታሰማ ነበር፤ በ1774 ተናጋሪው ጆን ሃንኮክ ነበር። በ1772 ከተሞች የሚጻጻፉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ስለዚህ ዲሴምበር 16 ቀን 1773 የሻዩን ቀረጥ በመቃወም በ342 ሣጥን ያለ ሻይ ባሕር ሲጣል፣ ፓርላማውም በ1774 ወደቡን ዘግቶ ጦሩን ሲመልስ፣ ሰዉ ወታደር ከተማ ውስጥ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገውም። ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ሌክሲንግተንና ኮንኮርድ ላይ ጦርነቱ ተጀመረ።

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ስዘጋጅ ይህን ማወቅ አለብኝ?

ይጠቅማል። አሜሪካኖች ለምን ነጻነታቸውን አወጁ የሚለው ጥያቄ በአዲሱ ዝርዝር ላይ ከሚቀበላቸው መልሶች አንዱ የቦስተን ጭፍጨፋ ነው። ያለ ውክልና የተጣለ ግብርና ወታደሮች በሰው ቤት ማደራቸው የሚሉትም ትክክል ተብለው ይያዛሉ። ስለ ቤቱ ከላይ ያልነውን ለፈታኙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አንዱን መልስ ብሎ ማለፍ ነው።

በነጻነት አዋጁ ላይ ተጠቅሷል?

በስም አልተጠቀሰም። ይሁንና በ1776ቱ አዋጅ ንጉሡ ከተከሰሱባቸው ነጥቦች መካከል በሰላም ጊዜ ጦር ማስቀመጣቸው፣ ወታደሮቹም ሰው ቢገድሉ በይስሙላ ችሎት ከቅጣት እንዲያመልጡ ማድረጋቸው ይገኛል። ብዙ ሰው ይህን የ1770ውን ችሎት ይመስለዋል። የሚናገረው ግን በ1774 ስለወጣ ሕግ ነው፤ ሥራው ላይ ሰው ገደለ የተባለ ሹም ወይም ወታደር ጉዳዩ ወደ ሌላ ቅኝ ግዛት ወይም ወደ እንግሊዝ ተወስዶ እንዲታይ የሚፈቅደውን።

የሕጉ ምክንያት ቦስተን ላይ ወታደር ትክክለኛ ፍርድ አያገኝም የሚል ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ፕሬስተንን በነጻ ያሰናበተችው ቦስተን ናት። ለእሱ የተከራከረው ጆን አዳምስም ክሱ የሰፈረበትን አዋጅ እንዲያዘጋጁ ከተመረጡት አምስት ሰዎች አንዱ ነበር።